ሽንኩርቱ፣ ክሬሙና ጸበሉ፦ ለማይለቅ የእጅ ችፌ የቱን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለትዳርና የስምንት ወር ሕፃን እናት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የክርኔ መታጠፊያና የጉልበቴ ኋላ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከወለድኩ ወዲህ ግን ወደ እጄ ወርዶ ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው ይደማሉ። ጤና ጣቢያ «ችፌ ነው» ብለው ክሬም ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን ሲሻለኝ ተውኩት፤ ሳምንት ሳይሞላ ብሶበት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ከፋርማሲ ራሴ እየገዛሁ እቀባለሁ። ስቀባ ይጠፋል፣ ስተው ይነሣል።

አማቴ ልጁን ሊይዙልኝ ከመንዝ መጥተው አብረውን ናቸው። ደግ ሴት ናቸው። «የሐኪም ክሬም ከላይ ነው የሚያደርቀው፤ ውስጥ ያለው መውጣት አለበት» ብለው ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው በቅቤ ለውሰው ይቀቡኛል። ያቃጥለኛል፤ እሳቸው ግን «ሲያቃጥል ነው የሚሠራው» ይላሉ። አንድ የባህል ሐኪም ዘንድም ወስደውኝ ጥቁር ቅባትና በጠርሙስ የሚጠጣ መድኃኒት ሰጥቶኛል። ቅባቱ በሁለት ቀን እጄን ልስልስ አደረገው። መጠጡን ግን ስለማጠባ ፈርቼ አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ሁሉንም ትተሽ ጻድቃኔ ማርያም ሄደሽ ተጠመቂ» ይላል።

ጎረቤት ቡና ሲጠራኝ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ነው የምቀመጠው። «ሊጥ አትንካ» የሚሉም አሉ። ልጄን ሳቅፈው ይጋባበት ይሆን እያልኩ እሳቀቃለሁ። ማንንም ማስቀየም አልፈልግም። የቱን ልከተል? — ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ልጅሽን ሳትሳቀቂ እቀፊው። ችፌ አይጋባም። በመንካት፣ ሊጥ በማቡካት፣ በፎጣም ሆነ በጡት ወተት ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። በአንድ ቤተሰብ ብዙ ሰው ላይ የሚታየው ደረቅና ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ በዘር ስለሚወረስ ነው፤ ብዙ ጊዜም አስም ወይም በየጊዜው የሚያስነጥስ የአፍንጫ አለርጂ ከዘመድ አንዱ ጋር ይገኛል። ቡና ላይ እጅሽን እስክትደብቂ መድረስሽ ከማሳከኩ በላይ እንደሚያምሽ ከደብዳቤሽ ይታያል። «ሊጥ አትንካ» ለሚሉሽ «ሐኪም አይቶታል፣ አይጋባም» ማለት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አይጠበቅብሽም።

ሆኖም ችፌ የሚመስሉ ሁለት የሚጋቡ በሽታዎች ስላሉ ጥቂት ልጠይቅሽ። ቤት ውስጥ ከአንቺ ሌላ ሌሊት ሌሊት የሚያሳክከው ሰው አለ? በጣቶችሽ መሃልና በእጅ አንጓሽ ላይ ጥቃቅን ሽንትር ወይም ፍንጣቂ ታያለሽ? ካለ እከክ ሊሆን ይችላል፤ የሚታከመውም ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ተቀብቶ ነው። ሽፍታው ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሃሉ የጠራ ነው? እሱ ደግሞ ጭርት ይመስላል። የችፌ ክሬም ለጊዜው መልኩን ቢያጠፋውም ከሥር ያስፋፋዋል። ጤና ተቋም ከቆዳሽ ትንሽ ፍቀው በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ይለያል። ከልጅነትሽ ጀምሮ በመታጠፊያዎች ላይ መመላለሱ ግን ወደ ችፌ ያደላል።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ እጅሽን እያየሽ መልሺው። ይበልጥ የተሰነጠቁት የግራ እጅሽ አውራ ጣት፣ አመልካችና መሃል ጣት ጫፎች ናቸው? ቀኝ እጅሽ ቢላዋ ሲይዝ ግራ እጅሽ ነጭ ሽንኩርቱን ጠፍሮ የሚይዘው በእነዚህ ሦስት ጣቶች ነው። የነጭ ሽንኩርት አለርጂ የሚታየውም በትክክል እዚያ ላይ ነው። ነገሩ የሚያስቸግረው የሽንኩርቱ ንጥረ ነገር ተራውን የላስቲክ ጓንት አልፎ መግባቱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ከሆነ ለሁለት ወር ያህል የነጭ ሽንኩርቱን ልጣጭና ውቀጣ ለሌላ ሰው ተዪለት፤ ጓንት አድርጌ ልሥራ አትበይ።

ከወለድሽ በኋላ ወደ እጅሽ የወረደበት ምክንያት ሩቅ አይደለም። የሕፃን ልብስ በኦሞ ማጠብ፣ በቀን ብዙ ጊዜ እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ምጣድ ፊት መቆም፣ በዚያ ላይ የደብረ ብርሃን ደረቅ ብርድና የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አለ። የችፌ ቆዳ ምርጊቱ እንደረገፈ ግድግዳ ነው፤ እርጥበቱ ከውስጥ ይወጣል፣ ሳሙናውና ቅመሙ ከውጭ ይገባል። ስታኪው ደግሞ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ይበልጥ ያሳክካል። «ውስጥ ያለው መውጣት አለበት» የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም። በቆዳሽ ሥር ተደብቆ መውጫ የሚፈልግ መርዝ የለም፤ የጎደለው ሽፋን ነው።

ክሬሙ ያልሠራው መጥፎ ሆኖ አይደለም። በሦስት ቀን ማሳከኩና መቅላቱ ይበርዳል፤ ከሥር ያለው ብግነት ግን ገና ነው፤ ለዚያ ነው በሳምንቱ የተመለሰብሽ። ለእጅ የሚታዘዝ እንደ ቤታሜታዞን 0.1 በመቶ ወይም ሞሜታዞን 0.1 በመቶ ያለ ጠንከር ያለ ክሬም ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ፣ ቆዳው በጣት ሲዳሰስ ፍጹም እስኪለሰልስ ድረስ ይቀባል፤ ይህም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በአንዴ አይቋረጥም። ሐኪሙ ከተስማማ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ሽፍታው በሚመላለስበት ቦታ ላይ፣ ለተወሰኑ ወራት ይቀጥላል። መጠኑን በጣትሽ ለኪው፦ ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ከቲዩብ የሚወጣው ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን ለአንድ እጅ ከፊትም ከኋላም ይበቃል። ለሁለቱ እጆችሽ ሁለት ነው። ፊት ላይ፣ ብብት ውስጥና ጡትሽ ላይ አትቀቢው። ልጁን አጥብተሽ ካስተኛሽ በኋላ ቀብተሽ፣ አሮጌ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ እንደ ጓንት አጥልቀሽ ተኚ። በአንድ ቲዩብ ሦስት መድኃኒት የተቀላቀለባቸውን (ለፈንገስ፣ ለባክቴሪያና ለችፌ) ያለ ትእዛዝ እየገዙ መቀባት ግን ተዪ። ውስጣቸው ብዙ ጊዜ በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ (የችፌ ክሬሞች ውስጥ ያለው፣ ብግነት የሚያበርድ የመድኃኒት ዓይነት) ስላለ ቆዳን ያሳሳሉ።

ከክሬሙ በላይ ግን የምለምንሽ ስለ ቅባት ነው። ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ርካሽ ነው፤ አንቺ ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠራውም እሱ ነው። እጅሽን በታጠብሽ ቁጥር፣ ሳታሺ በጥጥ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርገሽ፣ ገና እርጥበቱ ሳለ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቀቢ። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ቢሆን አይበዛም። ቫዝሊኑ ሥራ ላይ ቢያዳልጥሽ ለቀን ቀለል ያለ ሽታ የሌለው ክሬም፣ ለሌሊት ቫዝሊን አድርጊ። የታዘዘውን ክሬም ስትቀቢ በሁለቱ መሃል ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዪ፤ ወዲያው ከደራረብሽው መድኃኒቱ ቀጥኖ ወደ ጤነኛው ቆዳ ይዛመታል። ልብስ ስታጥቢ ከሥር የጥጥ፣ ከላይ የላስቲክ ጓንት አድርጊ፤ ከሃያ ደቂቃ በላይ ግን አትቆዪበት፤ ላቡ ራሱ ያሳክካል።

አሁን ወደ አማትሽ ቅባት ልምጣ። በፍቅር እንደሚያደርጉት ግልጽ ነው፤ ግን ሁለቱም ቅመሞች በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አደገኛ ናቸው። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ለሰዓታት ቆዳ ላይ ሲቆይ እንደ እሳት አቃጥሎ ውኃ ያስቋጥራል፤ ያ «የሚሠራው ሲያቃጥል» የተባለው ቁስል ነው። የተወቀጠ ፌጦም እንዲሁ ያደርጋል። ጤና አዳም ደግሞ ቡናና እርጎ ውስጥ ሲገባ መልካም ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ችግር ያመጣል። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጋር ተዳምሮ፣ ወዲያው ሳይሆን በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ቆዳውን ያቀላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፤ ጥቁረቱም ለወራት ይቀራል። ሎሚም እንደዚሁ ነው። የደጋው ፀሐይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ኃይለኛ ስለሆነ ልብስ ለማስጣት ስትወጪ ይበቃዋል። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት የሚቀቡም ስላሉ እሱን በፍጹም አታስጠጊ፤ ቆዳ ያቆስላል፣ ዓይን ከገባ ዕውር ሊያደርግ ይችላል።

ስለ ጥቁሩ ቅባት በግልጽ ልንገርሽ። ለዓመታት የቆየ ችፌን በሁለት ቀን ልስልስ የሚያደርግ ቅጠል አይታወቅም። እንዲህ በፍጥነት የሚሠራ ያልታወቀ ቅባት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፋርማሲ የተገዛ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ያ ሰው አድርጎታል ብዬ መፍረድ ባልችልም ጥርጣሬው በቂ ነው። መቀባቱን አቁሚ፤ በተለይ ልጁን አታስነኪው። ብልቃጡን ግን አትጣዪው፤ ለሐኪሙ ይዘሽ ሂጂ። ስታቆሚ ለጥቂት ቀን ብሶ ሊነሣ ስለሚችል አትደንግጪ። መጠጡን አለመጀመርሽ ትክክል ነው፤ ምኑ በስንት መጠን እንደገባ የማይታወቅ መጠጥ ጉበትንም ኩላሊትንም ሊጎዳ፣ በወተትሽም ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላል። እናትነትሽ ያስጠነቀቀሽን አዳምጠሻል።

አማራጭ ከተባለ ግን ከዚያው ከመንዝ የሚመጣ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ አጃ። የላመ የአጃ ዱቄት ደረቅና የሚያሳክክ ቆዳን እንደሚያበርድ በጥናት ከታዩት ጥቂት የቤት መፍትሔዎች አንዱ ነው፤ ውኃ ይዞ ቆዳው ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ብግነትን የሚቀንስ ንጥረ ነገርም አለው። አሠራሩን ለአማትሽ ስጫቸው፦ አጃው ይለቀም፣ በደንብ ተፈትጎ ገለባው ይውጣ (ገለባው ሹል ስለሆነ ቆዳ ይቧጭራል)፣ ሳይቆላ እንዲሁ ይፈጭና በደቃቅ ወንፊት ሁለት ጊዜ ይነፋ። በበቂ መላሙን ለማወቅ አንድ የሾርባ ማንኪያ በብርጭቆ ውኃ በጥብጪ። ውኃው እንደ ወተት ነጥቶ በጣት ሲነካ ካሙለጨለጨ ደርሷል፤ ወዲያው ከሥር ከዘቀጠ እንደገና ይፈጭ። ከዚያ በሳፋ አምስት ሊትር ለብ ያለ ውኃ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በትነሽ እጅሽን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ንከሪ። ውኃው ሞቃት አይሁን፤ ሙቅ ውኃ ለጊዜው ማሳከክ ቢያስታግስም ቆዳውን ያደርቃል። ከወጣሽ በኋላ በሳሙና ሳትታጠቢ ጠቅ ጠቅ አድርገሽ ቫዝሊኑን ቀቢ። በቀን አንድ ጊዜ ማታ ይበቃል። ውኃው ስለሚበላሽ ለነገ አታሳድሪው። መሬቱንም ስለሚያዳልጥ ልጁን ይዘሽ አትራመጂበት። ለልጁ ቆዳ ግን አትጠቀሚበት፤ ሽፍታ ባለበት የሕፃን ቆዳ ላይ ምግብ መቀባት ለዚያ ምግብ አለርጂ ሊያስነሣበት ይችላል፤ ቅቤም እንደዚያው።

ሌሎቹን በአጭሩ። ያልተጠበሰበት የሱፍ አበባ ዘይት ለደረቅ ቆዳ ጥሩ ነው፤ የኮኮናት ዘይትም ለቀላል ችፌ ይረዳል። የወይራ ዘይት ግን ስሙ ቢገንንም የቆዳውን ሽፋን ስለሚያላላ አልመክርሽም። ሬት ከፈለግሽ ከቅጠሉ ቆዳ ሥር የሚወጣው ቢጫውና መራራው ፈሳሽ ያቆጣል፤ ቅጠሉን ቆርጠሽ ሩብ ሰዓት አቁመሽ አንጠፍጥፊው፣ እጠቢውና የመሃሉን ጥርት ያለ ዝልግልግ ብቻ ውሰጂ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት አንዳንዱን ይስማማዋል፣ አንዳንዱን ያቆጣዋል። ማንኛውንም አዲስ ነገር ከመቀባትሽ በፊት በክንድሽ ውስጠኛ ክፍል፣ ጤነኛ ቆዳ ላይ፣ የ1 ብር ሳንቲም በሚያህል ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ሞክሪው። ከቀላ ወይም ካሳከከ ይቅር። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ አትጀምሪ፤ የትኛው እንደጠቀመ የትኛው እንደጎዳ አታውቂም። ከምግብ ደግሞ ይህን ስበላ ይብስብኛል ብለሽ ያየሽው ከሌለ ምንም አትከልከዪ፤ የምታጠቢ እናት ነሽ።

የባለቤትሽ ሐሳብ ከክሬሙ ጋር አይጣላም። ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ የሚያስተምሩ አባቶች ብዙ ናቸው፤ «ሁሉንም ትተሽ» ያለው ብቻ ይቅር። ከሄድሽ ቫዝሊንሽንና ክሬምሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ተጠምቀሽ እንደወጣሽ ሳትቆዪ ቀቢ፤ በብርዱ እርጥብ ልብስ ለብሰሽ አትቆዪ። እምነቱን ግንባርሽ ላይ ተቀቢው እንጂ የሚደማው ስንጥቅ ውስጥ አታስገቢው፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል።

ሌላ ልይዘው የፈለግሁት የምትለብሺው ነገር ነው። ከመንዝ የመጣ ባና አልጋሽ ላይ ካለ ሱፉ ቆዳሽን ሲነካው ሌሊቱን ያሳክክሻል። አታውጪው፤ ብርዱ አያስወጣም። ከሥሩ የታጠበ ጋቢ ወይም አቡጀዲ አድርጊና ሱፉ ገላሽን እንዳይነካ አድርጊ። ልጁንም እንዲሁ ሸፍኚው። ከሰሉ ላይ እጅሽን አስጠግተሽ ማሞቅም ይቅር።

ለአማትሽ «የእርስዎ መድኃኒት ጎዳኝ» ብለሽ አትጀምሪ። እጅሽን አሳያቸውና እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ ይህን ልጅ ብቻዬን አልችለውም ነበር። ሽንኩርቱ ቁስሉን እያሰፋብኝ ስለሆነ እንተወው። የአጃውን ነገር ግን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሱን ያዘጋጁልኝ።» ነጭ ሽንኩርት መላጡንም በዚያው ለምኛቸው። ሥራ የሰጠሽው ሰው አልተገፋም። ባለቤትሽን ደግሞ ከምክር ይልቅ የልብስ እጥበቱን ቢካፈልሽ ትልቁ መድኃኒት እሱ እንደሚሆን ንገሪው። ይህን ለመጠየቅ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ? ካለ ጻፊልኝ፤ የቆዳ ጉዳይ ብቻ አይደለምና።

በሚቀጥለው ሳምንት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄደሽ ታዪ፤ ካስፈለገ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ስለሆነ ሪፈር ጠይቂ። እስከ ዛሬ የተቀባሻቸውን ቲዩቦች ሁሉ፣ ጥቁሩን ብልቃጥና ጠርሙሱን በአንድ ከረጢት አድርገሽ ውሰጂ። የምታጠቢ መሆንሽን አንቺው ቀድመሽ ተናገሪ፤ ለከባድ ችፌ ከሚሰጡ የሚዋጡ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉት ለምታጠባ እናት አይሆኑም። ክሬሙን ስንት ቀን፣ ስንት ጣት እንደምትቀቢ፣ ከዚያ እንዴት እንደምትቀንሺ አጽፊ።

ቀጠሮ የማይጠብቀው ይህ ነው፦ ስንጥቁ ላይ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ወይም መግል ከታየ፣ እጅሽ ካበጠና ከተኮሰ፣ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሂጂ። እንዲሁም ከማሳከክ ይልቅ የሚያሙ፣ በአንድ ላይ የተሰበሰቡ፣ መሃላቸው እንደተበሳ የሚመስሉ ትንንሽ ቁስሎች ድንገት ከወጡ አትደሪ። ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው ቫይረስ ችፌ ባለበት ቆዳ ሲገባ በፍጥነት ይዛመታልና፣ ምች የወጣበት ሰው እስኪድን እጅሽንም ልጅሽንም አይሳም።